ያልተቀመሰው ጥቅል

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ኮምፒውተር ተምረው ሰው ገና ፊደል በሚቆጥርበት ዘመን፣ ሰንበሌጥ የሚባል ዱር ነበር። ከዱሩ በታች ምንጭ፣ ከዱሩ በላይ ኮረብታ አለ። እንስሳቱ የሚኖሩት ከላይ ስለሆነ፣ ውሃውን ወደ ገንዳቸው የሚገፋ ፓምፕ ተክለዋል፤ ፓምፑን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። የጅግሮችን ቤት በር የሚከፍተውና የሚዘጋውም ኮምፒውተር ነው። እንዴት ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ጅብ ሲናገር ዝም ብላችሁ የምትሰሙ ሰዎች ኮምፒውተሩ ላይ ስትደርሱ ብትከራከሩኝ አያምርባችሁም።

ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነበር። ሊኑክስ የአንድ ጌታ ንብረት አይደለም። ፕሮግራሞቹን ከሐይቁ ማዶ ጎጆ የሚሸምኑ ቢጫ ወፎች ይጽፋሉ፤ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ። ወፎቹ ከትጋታቸው ብዛት ዛሬ የጻፉትን ነገ ያሻሽሉታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ስሙን ይለውጡታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዱር ከወፎቹ ሥራ የሚበጀውን መርጦ፣ እርስ በርሱ አስማምቶና ጠቅልሎ የሚያድል አንድ ኃላፊ ያስፈልገዋል። በሰንበሌጥ ይህን ሥራ የያዘችው አህያ ነበረች። እርግብ ከማዶ በፍላሽ ያመጣችላትን ፕሮግራም በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች፣ ቁጥሩን ትጽፍበታለች፣ በጀርባዋ ጭና ለየቤቱ ታደርሳለች።

አህያ አንድ ልማድ ነበራት። ጠላ የምትቀዳ ባለሙያ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምስ የለ? አህያም እንዲሁ፣ ሳትቀምስ ለማንም አትሰጥም። ስክሪኗ የተሰነጠቀ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር በጋጣዋ አስቀምጣ፣ አዲስ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ እሷ ላይ ትጭናለች። ኮምፒውተሯን «መዳፌ» ብላ ትጠራታለች። ሰኮና ያላት እንስሳ መዳፍ ብትመኝ እኛ ምን አገባን።

ልማዱ ጥሩ ነበር። ክፋቱ፣ አህያ ቀምሳ ከጨረሰች በኋላም ከቦታዋ አትነቃነቅም። ጥቅል የምታድለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰማይ ቢደፋ ከመደርደሪያዋ አንዲት ጥቅል አትወርድም።

በጥር ወር እርግብ መልእክት ይዛ መጣች። «የጅግሮች በር ፕሮግራም ቀዳዳ ተገኝቶበታል፤ ሦስት ጊዜ ላንኳኳ ሁሉ ይከፍታል። መድፈኛው ይኸው» ይላል መልእክቱ። አህያ አነበበች፣ ቀመሰች፣ በኮባ ጠቀለለች፣ «መስከረም» ብላ ጻፈችበትና መደርደሪያው ላይ አኖረችው። በዚያው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ጅግሮች ከሙቀቱ ሸሽተው ቤታቸው ውስጥ ባንቀላፉበት ሰዓት፣ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ አውሬ በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። የእመት ጅግራ ሁለት ሴት ልጆች በዚያ ቀን ጠፉ። ማን እንደወሰዳቸው ያየ የለም።

አንበሳ ከሾላው ዛፍ ሥር ጉባኤ ጠራ።

«መድፈኛው መጥቶ ነበር ይባላል። እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው፣ ጌታዬ» አለች አህያ፣ ጆሮዎቿ ወድቀው። «ቀኑን እየጠበቅሁ ነበር።»

«የማንን ቀን?» አለች እመት ጅግራ።

ይህን ጊዜ ጅብ ከኋላ ተጋፍቶ ወጣ። ጅብ ለሟቾቹ አዝኖ አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ ሆዱን የቆረጠው ሌላ ነገር ነው። «ጌታዬ፣ እኔ ስንት ጊዜ ጮኼ ነበር! የማዶው ዱር በየቀኑ ትኩስ ትኩሱን ይጭናል። የእኛ ፓምፕ ቁጥር አራት ነው፤ የእነሱ ቁጥር ዘጠኝ ደርሷል! ጎረቤት ዘጠኝ ይዞ እኛ አራት ይዘን መኖር ረሃብ አይደለም ወይ?»

«ዘጠኙ ከአራቱ በምን ይበልጣል?» አለ አንበሳ።

ጅብ ትንሽ አሰበ። «በአምስት» አለ።

ቀበሮ ቶሎ ብሎ ጣልቃ ገባ። «አያ ጅቦ እውነቱን ነው፣ ጌታዬ። ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› እየተባልን ስንጠብቅ እንቁላሉም ጫጩቱም አለቀ። ከእንግዲህ ወፎቹ የላኩት ሁሉ ቅምሻ የሚሉት ነገር ቀርቶ በዕለቱ ይውጣ። ጥቅል ቤቱም ለአያ ጅቦ ይሰጥ። ሳያላምጥ የሚውጥ ፍጡር ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠረው።»

«አመሰግናለሁ» አለ ጅብ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች አህያ። «ስለ መዘግየቴ የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ። መቅመሱን ግን አትተዉት፤ እለምናችኋለሁ።»

ማን ይስማት። ሁለት ልጆች የቀበረ ዱር፣ ይቅርታ፣ የሚቀብረው እንኳ ያጣ ዱር፣ የዘገየችን አህያ ምክር አይሰማም። አንበሳ ጥቅል ቤቱን ለጅብ ሰጠ፣ አህያን ወደ ድሮ ሥራዋ፣ ወደ ድንጋይ ማጋዝ መለሳት።

ጅብ ሹመቱን የጀመረው ቤት በማጽዳት ነው። ከጣሪያው ተንጠልጥለው የነበሩትን ያለፉ ዓመታት ጥቅሎች በሙሉ አውርዶ ደጅ ጣላቸው። «አሮጌ ነገር ምን ያደርጋል? ይሸታል!» ይላል፤ ሽታ የሚጸየፍ ጅብ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አህያ ድንጋይ ጭና ስታልፍ ጥቅሎቿን አቧራ ላይ ተበትነው አየች። ልቧ አልችል ቢላት አንድ በአንድ ለቅማ በስልቻ ከታ ወደ ጋጣዋ ወሰደቻቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ የጅብ የመጀመሪያ ቀን የተባረከ ነበር። ከመደርደሪያው ያገኘውን የበር መድፈኛ በዚያው ጠዋት ጫነ፤ በሩም ሦስት ቀርቶ ሠላሳ ጊዜ ቢያንኳኩት የማይከፍት ሆነ። ዱሩ በእልልታ ተናወጠ። ፊቱ የጠቆረ ቀበሮ ብቻ ነበር፤ ለምን እንደጠቆረ ግን በደስታው መካከል የጠየቀው የለም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አዲስ ነገር ሆነ። በሁለተኛው ቀን የፓምፑ ማብሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ዞረ። በአምስተኛው ቀን በጦጣ ክሊኒክ ያለው ኮምፒውተር ባለቤቲቱን «አንቺ ማነሽ?» አላት።

«አያ ጅቦ፣ ስሜን ረሳኝ እኮ!» ብላ ጦጣ እየሮጠች መጣች።

«ቁጥሩን ግን አይተሽዋል?» አላት ጅብ፣ ዓይኑ እያበራ። «ስምንት!»

እንዲህ እንዲህ እያለ መጋቢት ገባ። ሣሩ ነጭ ሆነ፣ ጅረቱ ሁሉ ነጠፈ፤ ለሰንበሌጥ የቀረው ውሃ ፓምፑ የሚያወጣው ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን እርግብ ከማዶ አዲስ የውሃ መለኪያ ፕሮግራም አመጣች። ጅብ ቁጥሩን አይቶ ቀደደው፣ ጫነው፣ ደስ ብሎት ሄደ።

ፓምፑ ትንሽ ገፋና ቆመ። በማግስቱም ትንሽ ገፋና ቆመ። ገንዳው ሥር ያለችው ውሃ ለዝሆን ኩምቢ ማርጠቢያ እንኳ አትሆንም። የጅብ መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፦ ሌላ አዲስ ጥቅል መጫን። የስክሪኑን ቀለም የሚቀይር ጫነ፤ ቀለሙ ተቀየረ፣ ውሃው አልመጣም። ደወል የሚደውል ጫነ፤ ፓምፑ እየደወለ ቆመ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የተባለው ለካ በከንቱ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የአጋዘን ግልገሎች የገንዳውን ድንጋይ ሲልሱ ታዩ። እናቶቻቸው ፊታቸውን አዞሩ። ሌላ ሁለት ቀን እንዲህ ከሰነበተ ግልገሎቹ እንደማይተርፉ ሁሉም ያውቃል።

በዚያው ጠዋት ቀበሮ በኮባ የተጠቀለለች ነገር ይዞ ጥቅል ቤቱ ደረሰ። «እርግብ ደክሟት ከመንገድ አገኘኋት፤ እኔ ላድርስልሽ ብዬ ተቀበልኳት። የጅግሮችን በር የሚያሳምር ነው።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«ዐሥራ ሁለት!» ጅብ ምራቁን ዋጠ። «የዛሬውን ጨርሻለሁ እንጂ አሁኑኑ ባደረግሁት። ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት እጭነዋለሁ።»

«ነገ ጠዋት» አለ ቀበሮ፣ ከንፈሩን እየላሰ፤ ወደ ጉድጓዱም ገብቶ የነገን ቀትር መጠበቅ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ አንበሳ ራሱ ወደ ጥቅል ቤቱ ወረደ።

«ምን ሆነ ፓምፑ?»

«ጌታዬ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል» አለ ጅብ። «ያልታደሰ ነገር አንድም የለበትም። አዲስ ነገር እንዴት ይበላሻል?»

አንበሳ ወደ ውጭ ዞሮ «አህያን ጥሩልኝ» አለ።

አህያ ጅብ ያለበት ቤት መግባት ባትወድም ገባች። ፓምፑን አየች፣ መለኪያውን አየች፣ ገንዳውን አየች። ቀጥላ የምትወቅስ መስሏቸው ነበር፤ እሷ ግን ማንንም አልወቀሰችም።

«መለኪያው ጥሩ ነው» አለች። «ፓምፑም ጥሩ ነው። ብቻ አልተዋወቁም። ገንዳችን የሚይዘው መቶ እንስራ ነው፤ ፓምፑም መቶ ሲባል ሞላ ብሎ ይቆማል። የድሮው መለኪያ የሚቆጥረው በእንስራ ነበር። አዲሱ የሚቆጥረው በኩባያ ነው። መቶ ኩባያ ሲገባ ‹መቶ› ይላል፤ ፓምፑ ያምነዋል።»

«ታዲያ አዲሱን መለኪያ የሚያውቅ፣ ፓምፑን የሚያዝ አዲስ ፕሮግራም የለም?» አለ አንበሳ።

«ይኖራል። ለመቅመስ ግን ቀናት ይወስዳል፤ ግልገሎቹ ቀናት የላቸውም። አያ ጅቦ፣ የድሮው መለኪያ የት አለ?»

ጅብ መሬት መሬት አየ። «ጣልኩት» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እኔ አንስቼዋለሁ» አለች አህያ። ወደ ጋጣዋ ሄዳ ስልቻዋን አምጥታ ከአቧራው መካከል አንዲት የደረቀች የኮባ ጥቅል አወጣች። የድሮውን መለኪያ መለሰችው። ፓምፑ አንድ ጊዜ አንቋረረ፣ ሁለተኛ ጊዜ አንቋረረ፣ ከዚያ ውሃው ቱቦውን ሞልቶ እየተንደቀደቀ ገንዳው ውስጥ ወረደ። ግልገሎቹ እስከ ጆሯቸው ገብተው ጠጡ። እናቶቻቸው አለቀሱ፤ አንበሳም ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ፊቱን አዞረ።

አህያ ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች። «ያልተጫነ ጥቅል ካለ ስጠኝ፤ ልቅመሰው።»

ጅብ ባለ ዐሥራ ሁለቷን ጥቅል እያሳሳችው አወጣት። አህያ በማግስቱ ጠዋት በአሮጌዋ ኮምፒውተሯ፣ በ«መዳፌ» ላይ ጫነቻት። የጋጣዋ በር ከመዳፌ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የበር ፕሮግራም በር በሌለው ኮምፒውተር አይቀመስምና። ድርቆሿን እያላመጠች ተቀምጣ ጠበቀች። ጠዋቱን ሙሉ ምንም አልሆነም። ልክ ቀትር ሲሆን ግን፣ ማንም ሳያንኳኳ፣ የጋጣው በር በራሱ ወለል ብሎ ተከፈተ።

አህያ ድርቆሿን ተፍታ ወደ አንበሳ ሮጠች። «ጌታዬ፣ ጥያቄ ሳያበዙ ይከተሉኝ። በዚህ ሰዓት በጅግሮች ደጃፍ ማን እንዳለ እንይ።»

ቀበሮ በጅግሮች በር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር፤ አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሏል። ጉድጓዱ ውስጥ ስለቆየ የአህያን መመለስ አልሰማም።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለ አንበሳ።

«ጥላ ፍለጋ ነው፣ ጌታዬ። ሙቀቱ…»

«ጥላው በቤቱ በወዲያኛው በኩል ነው።»

ቀበሮ ቀና ብሎ ፀሐዩን አየ፣ አህያን አየ፣ በጀርባዋ የጫነቻትን ጥቅል አየ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ብዙውን ልተወው፤ ውሸት ሲያልቅበት እውነቱን አወጣ። በጥር ሦስት ጊዜ ያንኳኳው እሱ ነበር። መድፈኛው ከተጫነ በኋላ መግቢያ ስላጣ የራሱን ፕሮግራም ጽፎ፣ ያልተቀመሰ ሁሉ በሚያልፍበት ቤት በኩል ሊያሳልፈው አስቦ ነው። አንበሳ በዚያው ሰዓት ከዱሩ አሰደደው። ቢጫ ወፎቹ ጎጆአቸውን ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከውሃ በላይ ማንጠልጠል የጀመሩት፣ ቀበሮ ሐይቁን ተሻገረ የሚለውን ከሰሙ ወዲህ ነው ይባላል።

ከሾላው ሥር እንደገና ተሰበሰቡ።

«እንግዲህ በስንት ጊዜ ይታደስ?» አለ አንበሳ። «በዓመት አንድ ጊዜ ያለችው ልጆች አስበላችን። በየቀኑ ያለው በውሃ ጥም ሊፈጀን ነበር።»

«እኔን ያሳተኝ ሁሉንም በአንድ ቀጠሮ ማስኬዴ ነው፣ ጌታዬ» አለች አህያ። «ቤቱ የሚያፈስበት ሰው መስከረምን አይጠብቅም። ቀዳዳ ተገኘ ከተባለ በዚያው ቀን ቀምሼ በዚያው ቀን አደርሳለሁ፤ ቅምሻው ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ማብሪያ የሚያዞረው፣ ቀለም የሚቀይረው፣ አዲስ አቆጣጠር የሚያመጣው ግን አብሮ ከሚሠራው ጋር በደንብ ተቀምሶ፣ ክረምት ሲገባና ክረምት ሲወጣ ይደርሳል። አሮጌውም አዲሱ አንድ በጋ እስኪያልፍ ከጣሪያዬ አይወርድም። ውሃ በጠፋበት ወር ደግሞ፣ ካልታመመ በቀር፣ ፓምፕ አይነካም።»

ከዚያ ወደ እመት ጅግራ ዞረች። ይህን መናገር ከድንጋይ ሁሉ ከበዳት። «እመት ጅግራ፣ በልጆችሽ ላይ ጥርሱን ያሳረፈው ቀበሮ ነው። መድፈኛውን መደርደሪያ ላይ ያስተኛሁት ግን እኔ ነኝ። የእኔን ድርሻ ለቀበሮ አልጭንም።»

ጅግራ የአህያን ጀርባ አየች። «መሸከምስ ታውቂበታለሽ» አለች። «ብቻ ከእንግዲህ ‹መስከረም› የተጻፈበት ነገር የእኔን በር አይመለከትም።»

«አይመለከትም» አለች አህያ።

ከኋላ አንዱ ሲነፋረቅ ተሰማ። ጅብ ነበር። «እኔስ? ትኩስ ነገር ሳልቀምስ ልኑር?»

ሁሉም ሊስቁበት ሲሉ አህያ ቀደመቻቸው። «አንተማ በጣም ታስፈልገኛለህ፣ አያ ጅቦ። መዳፌ አርጅታለች፣ ብቻዋን አትችለውም። ዋሻህ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ይግባልህ። ከማዶ የመጣውን ሁሉ በመጣበት ቀን አንተ ጫን። ከተበላሸ ያንተ ብቻ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ጩህ። ሳትጮህ የከረምክበትን እኔ ደግሜ ቀምሼ ለዱሩ አደርሳለሁ።»

«በየቀኑ?» አለ ጅብ።

«በየቀኑ።»

«ከሁሉም በፊት?»

«ከሁሉም በፊት። ትልቁ ቁጥር ምንጊዜም ያንተ ነው።»

ጅብ ከደስታው ብዛት ጉባኤው ሳይበተን ወደ ዋሻው ሮጠ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሰንበሌጥ ጠዋት ጠዋት ጅብ ሲጮህ የሚደነግጥ የለም። «ውይ፣ አያ ጅቦ ዛሬ መጥፎ ጥቅል ደርሶታል፤ እሰይ፣ ለእኛ አይደርስም» ተባብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ጅብም ሆዱ አጥንት የለመደ ነው፤ ጮሆ ጮሆ በማግስቱ ሌላ ይጭናል።

በተከታዩ ታኅሣሥ እርግብ እየተጣደፈች መጣች፤ በጅግሮች በር ላይ ሌላ ቀዳዳ ተገኝቷል። አህያ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ድርቆሽ አፏ ውስጥ ማስገባቷ ነበር። እንደጎረሰች ተነሳች፣ መዳፌ ላይ ቀመሰች፣ ጠቀለለች፣ ቀትር ሳይደርስ በጅግሮች ደጃፍ ቆመች። እመት ጅግራ አዲስ የፈለፈለቻቸውን ጫጩቶች በክንፏ ሰብስባ ወጣች፤ ጥቅሉን አየች፣ ከአህያ አፍ ጥግ የተንጠለጠለውን ድርቆሽ አየች።

«ዛሬ ደግሞ የማን ቀን ሆኖ ነው?» አለቻት።

«የልጆችሽ» አለች አህያ፣ እና በሩን ልትደፍን ገባች።

ከዚህ የምንማረው ቀዳዳ በተገኘበት ቀን እንደሚደፈን፣ አዲስ ነገር ግን ተቀምሶ በወቅቱ እንደሚቀርብ፣ ለሁሉም አንድ ቀጠሮ የሚሰጥም ከሁለት አንዱን ማጥፋቱ እንደማይቀር ነው።